ድዋርፍ ፎርትረስ፦ በነፃ የታደለ ጌም ሁለት ወንድማማቾችን ለ16 ዓመት እንዴት አኖረ?

በፌብሩዋሪ 2023 መጀመሪያ፣ ድዋርፍ ፎርትረስ የተባለውን የኮምፒውተር ጌም የሚሠራው ቤይ 12 ጌምስ የሚባለው ድርጅት እንደ ልማዱ የወር ገቢውን ይፋ አደረገ። ዲሴምበር፦ 15,635 ዶላር ከ53 ሳንቲም። ጃንዋሪ፦ 7,230,123 ዶላር ከ58 ሳንቲም። ድርጅት አልኩ እንጂ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ታርን አዳምስና ታላቅ ወንድሙ ዛክ አዳምስ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የጌም ዜና የሚከታተለው ሁሉ የተንጫጫው በሁለተኛው ቁጥር ነው። አይፈረድበትም፤ በአንድ ወር ውስጥ ከ460 እጥፍ በላይ ያደገ ገቢ በየቀኑ አይታይም። ጌም እየሠራሁ ልኑር ለሚል ሰው ግን ይበልጥ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ቁጥር ይመስለኛል። ያ 15 ሺህ ከማን ኪስ ወጣ? ማስታወቂያ ሳያስገቡ፣ ጌሙ ውስጥ ምንም ሳይሸጡ፣ ለፈለገው ሁሉ በነፃ እየሰጡ ሁለት ሰዎች 16 ዓመት ኪራይ የከፈሉት በምን ነው? ድንገት ከበለጸገ ሰው ብዙ የሚቀዳ ነገር የለም፤ እነዚህ ግን ከመበልጸጋቸው በፊትም በሥራቸው እየኖሩ ነበር።

ሂሳቡን ትቶ የወጣው

ታርን በ1978 ተወለደ። ወንድማማቾቹ ያደጉት በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሲልቨርዴል በምትባል ከተማ ነው። ታርን ኮድ መጻፍ የጀመረው በልጅነቱ ሲሆን ያኔ ቤዚክ በሚባል የኮድ ቋንቋ የጻፋት ዘንዶ የመግደል ጌም በኋላ ለሠሩት ሁሉ ዘር ሆናለች። የሥራ ክፍፍላቸው ከልጅነት እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። ዓለሙን ሁለቱም ያልማሉ፤ ኮዱን ታርን ይጽፋል። ዛክ ደግሞ አጫጭር ታሪኮች ይጽፋል፤ ከዚያ ሁለቱ ቁጭ ብለው፣ ይህ ታሪክ በጌሙ ውስጥ ራሱን ችሎ እንዲፈጸም ምን ምን መጨመር አለበት እያሉ ይዘረዝራሉ። አንዱ ገጸ ባሕርይ ቂም ይዞ ከነበረ ጌሙ ቂም የሚባል ነገር ማወቅ አለበት ማለት ነው።

ታርን ጌሙን በትርፍ ጊዜው እየሠራ ትምህርቱን ቀጠለ። በ2005 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ ዶክትሬቱን ይዞ ለድኅረ ዶክትሬት ምርምር ወደ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ አቀና። እዚያ ብዙ አልቆየም። በዚያ ጊዜ የነበረበትን ውጥረት ራሱ ተናግሯል፤ በ2006 የምሁርነቱን መንገድ ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለጌም ሰጠ።

ድዋርፍ ፎርትረስ በኦክቶበር 2002 ሲጀመር የሁለት ወር የጎን ሥራ ይሆናል ተብሎ ነበር። ዋናው ፕሮጀክታቸው ባለ ሦስት አውታር ምስል ያለው ሌላ ትልቅ ጌም ነበር፤ ሥዕሉና ቴክኒኩ ሲያስቸግራቸው በ2004 ያንን አቆሙና ወደዚህኛው ዞሩ። የመጀመሪያው ለሕዝብ የቀረበ ቨርዥን የወጣው በኦገስት 8 ቀን 2006 ነው። ሥዕል የሚባል ነገር የለውም። ድንኩ (ድዋርፉ) በፈገግታ ፊት ምልክት ነው የሚታየው፣ ድመቷ ፊደል ናት፣ ዘንዶው ፊደል ነው። የኮምፒውተር አይጥ (ማውስ) የማይነካው፣ ሁሉ ነገር በኪቦርድ የሚታዘዝ፣ ለጀማሪ አንድም የሚያስረዳ ነገር የሌለው ጌም። ከገበያ አንጻር ብናየው ከዚህ የባሰ አቀራረብ ማሰብ ይከብዳል።

ድመቶቹ ለምን ሞቱ

ታዲያ ሰው ምኑን ወደደው? በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

ተጫዋቹ ሰባት ድንኮችን ይዞ ተራራ ውስጥ ከተማ ይቆፍራል፤ ድንኮቹን ግን እንደ አሻንጉሊት አያንቀሳቅሳቸውም። ሥራ ያዝዛል፣ እነሱ በራሳቸው ጊዜና ጠባይ ይሠራሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጣላሉ፣ ያዝናሉ። ዓለሙ ከነተራራውና ከነወንዙ፣ ከነነገሥታቱና ከነጦርነቱ ጌሙ ሲጀመር በስሌት ይፈጠራል፤ የመቶዎች ዓመት ታሪክ ተጽፎ ያልቅና ተጫዋቹ በዚያ መጨረሻ ላይ ይገባል።

በ2015 መጨረሻ ላይ በወጣው ቨርዥን ጌሙ ውስጥ መጠጥ ቤት ገባ። ብዙም ሳይቆይ ተጫዋቾች ድመቶቻቸው በየወለሉ እያስመለሱ ሲሞቱ ማየት ጀመሩ። ጦርነት የለ፣ በሽታ የለ። ታርን ሲመረምረው ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ድንኮቹ ሲጠጡ ቢራ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ድመት በዚያ ስታልፍ ቢራው መዳፏን ይነካታል። ጌሙ ደግሞ ድመት ራሷን በምላስ እንደምታጸዳ ያውቃል፤ ስለዚህ መዳፏን ትልሳለች፣ የላሰችው ይዋጣል። የአልኮል ጉዳት ከሰውነት መጠን ጋር ስለሚሰላ ትንሽ ፍጡር ቶሎ ትሰክራለች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ስሌት ትክክል ነው። የተሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መዳፏ ላይ የነበረችውን ጠብታ ጌሙ እንደ ሙሉ ኩባያ ቆጥሯታል።

ይህ የባግ (የኮድ ስህተት) ዘገባ ጌሙን አንድ ቀን እንኳ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ጭምር እየተቀባበሉ ያነበቡት ታሪክ ሆነ። የማስታወቂያ በጀት ያልነበራቸው ወንድማማቾች በነፃ ያገኙት ማስታወቂያ ይህን የመሰለ ነበር። ጌሙ ማንም ያልጻፈውን ታሪክ ይወልዳል፤ ተጫዋቹ ያንን ለጓደኛው ሳይነግር አያድርም። ገንዘብ ያመጣው ከሁሉ በፊት ይህ ነው።

ስጦታው እንዴት ይመጣ ነበር

ጌሙ ነፃ ነው፤ ዌብሳይታቸው ላይ ፔይፓል በሚባለው የኢንተርኔት ክፍያ ገንዘብ መስጫ አለ። ሌላ ምንም የለም። የሰጠ ሰው ከፈለገ ዛክ አጭር ታሪክ ይጽፍለታል፣ ካልሆነም በክሬዮን የተሣለ ሥዕል ይላክለታል። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው መግቢያ አይጠየቅም፤ ግጥሙ ልቡን ሲነካው ግን ብሩን አውጥቶ ግንባር ላይ ይለጥፋል። የአዳምስ ወንድማማቾች ንግድ የቆመው በዚያ ሥርዓት ነው፤ ልዩነቱ ሸላሚዎቹ በመላው ዓለም የተበተኑ መሆናቸው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ በየወሩ የገባውን ገንዘብ በይፋ መናገራቸው ነው። ብዙ ነጋዴ ገቢውን ይደብቃል፤ እነሱ እስከ ሳንቲሙ ይናገሩ ነበር። የሰጠ ሰው ገንዘቡ የት እንደገባ ያያል። ያልሰጠ ሰውም፣ ወሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ወንድማማቾቹ እንደተቸገሩ ይገባዋል። ልመና የሚመስል አንድ ቃል ሳይጻፍ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። እኔ ከጉዳዩ ሁሉ ብልህ የምለው ይህንን ነው፤ ሆን ብለው እንደ ንግድ ስልት ያሰቡት ባይሆን እንኳ።

ሁለተኛው የገቢው አመጣጥ ነው። እንደ ደመወዝ እኩል እኩል አይገባም። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ይጎርፋል፣ ሲዘገይ ይደርቃል። በ2009 ታርን ኑሮውን በጭንቅ እንደሚሸፍን ተናግሮ ነበር፤ ለዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሴፕቴምበር 2008 በኋላ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ አዲስ ቨርዥን አልወጣም። ትልቁ ዝማኔ በኤፕሪል 2010 ሲወጣ ግን የዚያ ወር ስጦታ ከ16 ሺህ ዶላር አለፈ። ጌም ሠሪ ይህንን ሲያነብ ወዲያው የሚያየው ፈተና አለ፤ ትናንሽ ዝማኔ ቶሎ ቶሎ እያወጡ ገንዘቡን ማንጠባጠብ። አንዳንዴ እንደዚያ አድርገዋል፤ ትልልቆቹን ክፍሎች ሲሠሩ ግን ለወራት፣ ሲከፋም ከዓመት በላይ ጠፍተዋል፤ ሰዉም ጠብቋቸዋል። በ2015 ፓትሪዮን ሲጀምሩ በየወሩ የሚከፍሉ ደጋፊዎች ስለተገኙ ይህ መዋዠቅ ረገብ አለ።

የወጪውን ጎን ካላየን ግን ገቢው ብቻውን ምንም አይነግረንም። ቢሮ የላቸውም። ተቀጣሪ የለም፤ እስከ 2022 ድረስ የጌሙን ኮድ የጻፈው አንድ ሰው ነው። ሥዕል አይሠሩም፣ ስለዚህ ለሠዓሊ አይከፍሉም። ሌላ ድርጅት ሰው ቀጥሮ የሚያሠራውን ብዙ ነገር ተጫዋቾቹ ራሳቸው በነፃ ሠርተውታል። የጌሙን መመሪያ ዊኪ ላይ ጻፉ። ፊደሎቹን በሥዕል የሚተካ የምስል ስብስብ ሠሩ። ድንኮቹን በሥራ የሚመድብ ‹ድዋርፍ ቴራፒስት› የሚባል አጋዥ ፕሮግራም አዘጋጁ። ጌሙ ለመጠቀም አስቸጋሪ መሆኑ ራሱ ለእነዚህ ሰዎች የሥራ ሜዳ ሆነላቸው ማለት ይቻላል። ይህንን እንደ ምክር አልናገረውም። ሌላ ሰው አስቸጋሪ ጌም ቢያወጣ የሚያገኘው ዝምታ ነው።

ሦስት መቶ ሺህ ዶላር

በእነዚያ ዓመታት ታርን ከአንድ ትልቅ የጌም ድርጅት የሥራ ጥሪ መጥቶለት አልተቀበለም። ከሌላ ደግሞ የጌሙን ስም ለመጠቀም ብቻ 300 ሺህ ዶላር ቀርቦለት እምቢ አለ። በጭንቅ ኪራይ ይከፍል የነበረ ሰው ይህንን ሲመልስ እብደት ይመስላል።

ስሌቱ ግን እብደት የለበትም። ስጦታ የሚሰጠው ሰው የሚሰጠው፣ ይህ ጌም ያለ እኔ ይቆማል ብሎ ስለሚያምን ነው። ስሙ ለትልቅ ድርጅት ተሽጧል የሚል ወሬ በተሰማ ማግስት ግማሹ ደጋፊ ‹እንግዲህ ሀብታም ሆነዋል› ብሎ ቢያቆም ማን ይፈርድበታል? 300 ሺህ ዶላር ለሁለት ሰው የተወሰነ ዓመት ቀለብ ነው፤ ሲያልቅ ስሙም የለም፣ ሰጪውም የለም። ታርን የሰጠው ምክንያትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ የሚያኖረው የተጫዋቾቹ ስጦታ እንደሆነ ነው ያየው። የጌሙን ኮድ ለሕዝብ ለመክፈት ያመነታበትም ምክንያት ተመሳሳይ ነው።

በዚህ መሐል ሌሎች ከሐሳቡ እየቀዱ ይበለጽጉ ነበር። የማይንክራፍት ፈጣሪ ማርከስ ፐርሰን ከተነሣሣባቸው ጌሞች አንዱ ድዋርፍ ፎርትረስ መሆኑን ተናግሯል፤ የእሱን ድርጅት ሞያንግን ማይክሮሶፍት በ2014 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ሪምወርልድም ከዚሁ ዛፍ የበቀለ ጌም ነው። በ2012 ደግሞ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለስብስቡ ከመረጣቸው የመጀመሪያዎቹ 14 ጌሞች አንዱ ይሄው ሆነ። ክብሩ ትልቅ ነው፤ ሙዚየም ግን ኪራይ አይከፍልም።

ወንድማማቾቹ በዚህ ቅር ተሰኝተው ይሆን ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል። በይፋ ከተናገሩት እንዲያ አይመስልም። በ2011 ታርን 1.0 የሚባለው የተሟላ ቨርዥን ገና ቢያንስ 20 ዓመት እንደሚፈጅ ተናግሯል። ሥራውን በዚያ ርዝመት የሚለካ ሰው የዓመቱን ገቢ የሚያየው ‹እስከሚቀጥለው ዓመት ያደርሰኛል ወይ?› በሚል ዓይን ነው።

የሐኪም ቤት ሂሳብ

ያልተደፈነው ቀዳዳ ጤና ነበር።

አሜሪካ የሚኖር አንባቢ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። እዚያ የጤና ኢንሹራንስ በአብዛኛው የሚገኘው በመሥሪያ ቤት በኩል ነው። ኡበር የሚነዳም ሆነ የራሱን ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊ ይህን ሂሳብ በየዓመቱ ይሠራዋል። ከ2014 ወዲህ ግለሰብ በመንግሥት በተዘጋጀ ገበያ መግዛት ይችላል፤ ቢሆንም መዋጮው፣ ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ፣ የመድኃኒቱ ድርሻ ተደምሮ ገቢው ለሚዋዥቅ ሰው ከባድ ነው።

ዛክ የቆዳ ካንሰር ታመመ፤ ታከመ። ውድ መድኃኒትም ይወስድ ነበር። ኢንሹራንስ ስለነበረው ነገሩ ታለፈ፤ ታርን ግን ያው ሕመም በእሱ ላይ ደርሶ ቢሆን ያለችው ሁሉ ተጠራርጋ ትሄድ እንደነበር አስልቷል። ሁለቱም አርባዎቹን እየያዙ ነው። በሙያው ያሉ ወዳጆች ሲታመሙ በኢንተርኔት ለሕክምና መዋጮ ሲጠይቁም አይተዋል።

እዚህ ላይ የስጦታው ሥርዓት ወሰን ይታያል። ስጦታ ኪራይና ቀለብ ይችላል። ድንገተኛ ነገር አይችልም፣ ጡረታም አይችልም። 15 ሺህ ዶላር በወር ለሁለት ሰው ሲካፈል፣ ግብሩ ሲቀነስ ደህና ኑሮ ነው፤ አንድ ቀዶ ሕክምና ግን የዓመቱን ሊወስደው ይችላል። ሙሉ ጊዜውን በራሱ ሥራ ለማሳለፍ የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ ‹የወር ወጪዬ ስንት ነው?› ብሎ ያሰላል። የአዳምሶች ጉዳይ የሚያሳየው፣ የወር ወጪን መሸፈን ከችግሩ ግማሹ ብቻ መሆኑን ነው፤ ያኛውን ግማሽ ለማየትም 13 ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ስቲም

በማርች 2019 ጌሙ በሥዕል ተሠርቶ፣ ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት የጌም መሸጫ ላይ በገንዘብ እንደሚሸጥ አስታወቁ። የጤናውን ነገርም ያን ጊዜ ሳይደብቁ ለደጋፊዎቻቸው ጻፉ። ያለ ሥዕሉ የቆየው የድሮው መልክ ግን በነፃ መታደሉ ይቀጥላል፤ ይህን ቃላቸውን ጠብቀዋል።

ከአሳታሚ ጋር የሠሩበት መንገድ ለብቻው ሊጠና ይገባል። የመረጡት የሞንትሪያሉን ኪትፎክስ ጌምስ ነው፤ ራሱ ትንሽ፣ ራሱ ነፃ ስቱዲዮ። ከመሥራቾቹ አንዷ ታንያ ኤክስ ሾርት ከታርን ጋር በ2017 ስለ ጌም ዓለማት አፈጣጠር የሚያወራ መጽሐፍ አብራ ያዘጋጀች ሰው ናት፤ ስለዚህ የማያውቁት ድርጅት አልነበረም። ኪትፎክስ ሠዓሊዎችን ማስተባበሩን፣ የሱቁን ገጽ፣ ማስታወቂያውንና ደንበኛ መስተንግዶውን ያዘ። ታርን ኮዱን ያዘ። ለሥዕሉ ከተጠሩት ሰዎች መካከል ሜይዴይና አይረንሃንድ በሚባል ስም የሚታወቁት ይገኙበታል፤ ለዓመታት ለጌሙ የምስል ስብስብ በነፃ ሲሠሩ የነበሩ ተጫዋቾች። አሁን እየተከፈላቸው ሠሩት።

ከማስታወቂያው እስከ ሽያጩ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ ፈጀ። ማውስ እንዲሠራ ማድረግ፣ በቁልፍ ላይ ቁልፍ የተደራረበውን ምናሌ በሙሉ አፍርሶ መሥራት፣ ለጀማሪ የሚያስረዳ ክፍል መጨመር፤ እነዚህ አዲስ ድንቅ ነገር የማይፈጥሩ፣ ማንም ለጓደኛው የማያወራቸው ሥራዎች ናቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተበላው የደጋፊዎች ገንዘብ ነው። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ከአሳታሚ ብድር ወስዶ ቢሆን ኖሮ፣ ጊዜው ሲንዛዛ ‹በዚህ ወር አውጣ› የሚል ሰው ጭንቅላቱ ላይ ይቆም ነበር። ፓትሪዮኑ ስለነበረ ሲደርስ ወጣ።

መጀመሪያ 20 ዶላር ይሆናል የተባለው ዋጋ ሲወጣ 29.99 ሆነ። በዲሴምበር 6 ቀን 2022 ለሽያጭ ቀረበ። ኪትፎክስ በሁለት ወር ይሸጣል ብሎ የገመተው 160 ሺህ ኮፒ ነበር፤ በአንድ ቀን አለቀ። እስከ ወሩ መጨረሻ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ተሸጠ። ስቲም የአንድ ወር ሽያጭ የሚከፍለው በሚቀጥለው ወር ስለሆነ የዲሴምበሩ ገንዘብ ጃንዋሪ ላይ ታየ።

ሰባት ሚሊዮኑ ሲመነዘር

ግማሽ ሚሊዮን ኮፒ በ30 ዶላር ሲባዛ 15 ሚሊዮን ይሆናል። ወንድማማቾቹ እጅ የገባው ግን ከዚያ ከግማሽ በታች ነው። ስቲም በብዙ አገሮች ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይሸጣል፣ የሽያጭ ታክስ ይነሣል፣ መልሱልኝ ያለ ገዢ ገንዘቡ ይመለስለታል። ከቀረው ላይ ስቲም በተለምዶ 30 በመቶ ይወስዳል (ጌሙ 10 ሚሊዮን ዶላር ካለፈ ከዚያ በላይ ባለው ላይ ወደ 25 ይወርዳል)። ቀጥሎ የአሳታሚው ድርሻ አለ። 7.2 ሚሊዮኑ ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረፈው ነው።

ገና ግብር አልተከፈለበትም። ታርን በዚያው ሪፖርት ላይ ከግማሽ ትንሽ ያነሰው ለግብር እንደሚሄድ ጽፏል፤ ልዩ የኩባንያ አደረጃጀት ስላልነበራቸው ግብሩን የሚቀንስ ብልሃት የለም። እንግዲህ እኔ ሸካራ ስሌት ልሥራ። 3.6 ሚሊዮን ቀረ እንበል። ለሁለት ሲካፈል 1.8 ሚሊዮን። ጌሙ ለሕዝብ ከወጣበት ከ2006 እስከ 2022 ባሉት 16 ዓመታት ሲካፈል ለአንድ ሰው በዓመት 112 ሺህ ዶላር ገደማ ይመጣል። ዛክና ታርን በሚኖሩበት በሲያትል አካባቢ በትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚሠራ ልምድ ያለው ፕሮግራመር በዚህ ቁጥር አይደነግጥም። ስታንፎርድ የተማረ የሂሳብ ዶክተር ከ2006 ጀምሮ ደመወዝተኛ ቢሆን ኖሮ ይህንን ገንዘብ ሳይጨነቅ፣ በየወሩ፣ ከነጤና ኢንሹራንሱ ያገኘው ነበር። በእርግጥ ሽያጩ በአንድ ወር አላቆመም፤ ጌሙ እስካሁን ይሸጣል፤ ድምሩም ከዚህ ይበልጣል። ሆኖም ‹በአንድ ሌሊት ሚሊየነር› የሚለው አርዕስት የሚደብቀው ይህንን ስሌት ነው።

ታርን ራሱ ከገንዘቡ ስለ ቅንጦት አላወራም። የነፃ ሠራተኛ ዋና ራስ ምታት የሆኑት ጤናና ጡረታ መፍትሔ አገኙ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ የሚያሳስበው የሽያጩ ጭራ እንደሆነ ጠቅሷል፤ ማለትም ከመጀመሪያው ጎርፍ በኋላ በየወሩ የሚንጠባጠበው ስንት ይሆናል የሚለው። ሰውየው ከሰባት ሚሊዮን በኋላም የሚያስበው እንደ ወር ቀለብተኛ ነው።

የተለወጠ ነገርም አለ። ከ20 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ ፕሮግራመር ገባ፤ ፑትናም በሚል ስም ትታወቃለች፣ እሷም ከጌሙ ተጫዋቾችና አሻሻዮች መካከል የመጣች ናት። የጌሙ ፍጥነት ወዲያው ተሻለ። ተጫዋቹ በአንድ ሰው ሆኖ የሚዞርበት አድቬንቸር ሞድ የተባለው ክፍልም በ2025 መጀመሪያ በስቲሙ ቨርዥን ተጠናቅቆ ለገዙት ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደረሰ።

ከአዲስ አበባ ለሚያየው

ይህን ታሪክ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የራሱን ጌም ለሚሠራ የሀገር ቤት ልጅ ስነግር የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ እኔስ? የጤናው ወጪ እንደ አሜሪካ አይደለም፣ የወር ወጪውም በዶላር ሲመነዘር ትንሽ ነው። ሁለት ሦስት መቶ ታማኝ ደጋፊ በወር አምስት አምስት ዶላር ቢሰጥ አዲስ አበባ ላይ ከጥሩ ደመወዝ ያነሰ አይሆንም። ችግሩ መቀበያው ነው። አዳምሶች የጀመሩበት ፔይፓል ከኢትዮጵያ ሆኖ ገንዘብ ለመቀበል አያስችልም። ስለዚህ የስጦታው መንገድ ገና ከበሩ ይዘጋል፤ ብዙዎች ውጭ ባለ ዘመድ ስም የሚያዞሩት ለዚህ ነው፤ እሱም ዘመድየውን የግብር ዕዳ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል።

ስቲም ግን ክፍት ነው። ለአንድ ጌም 100 ዶላር ማስመዝገቢያ ይከፈላል፤ ጌሙ 1,000 ዶላር ካስገባ መቶዋ ትመለሳለች። ክፍያው በባንክ ይላካል። ብዙዎች ዘግይተው የሚያውቁት ነገር የአሜሪካ ግብር ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት፣ አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው ላይ ለሠሪው ከሚደርሰው ድርሻ 30 በመቶ እዚያው ተቆርጦ ይቀራል። የስቲም 30 በመቶ ከሄደ በኋላ ማለት ነው። 10 ዶላር ተለጥፎበት አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠ ጌም፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር እንኳ፣ አዲስ አበባ የሚደርሰው ከ4.90 አይበልጥም። ዋጋ ሲተመን መነሻው ይህች ቁጥር ብትሆን ይሻላል።